በአሮጌ ቆርቆሮና ባገለገለ እንጨት የጓሮ ዕቃ ቤት አሠራር

ጓሮ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት የማያስፈልገው ግቢ የለም። ከሰሉ፣ ማገዶው፣ እግሩ የወለቀው ወንበር፣ ጄሪካኑ፣ ለበዓልና ለድግስ ብቻ የሚወጣው ትልቁ ድስት፣ ሁሉም ከዋናው ቤት ወጥቶ የሚያርፍበት ጥግ ይፈልጋል። ጥቂት ዶሮ ላርባ ብሎ የሚያስብም አለ። ችግሩ ዋጋው ነው። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ሞራሌ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ ተብሎ ሲደመር ለጓሮ ቤት ይቅርና ለዋናው ቤትም ያስደነግጣል። ባገለገለ ዕቃ ከተሠራ ግን ይቻላል፤ ጠንካራም ይሆናል።

አንድ ነገር መጀመሪያ እንግባባ። ብዙ ሰው ወረቀት ላይ 3 በ3 ብሎ ይነድፍና ለንድፉ የሚሆን አሮጌ ዕቃ ፍለጋ ይወጣል። እንደዚያ ከሆነ አያዋጣም። ቆርቆሮው ሃያ ሴንቲ ያንሳል፣ እንጨቱ ይረዝማል፣ በሩ አይገባም፣ ጎደሎው በአዲስ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ገንዘብ ከአዲሱ እኩል ይሆናል። በአሮጌ ዕቃ ሲሠራ መጀመሪያ ዕቃው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቤቱ በዕቃው ልክ ይሰፋል። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ልኮችም የመጡት ከቆርቆሮው ነው። የእናንተ ቆርቆሮ ሌላ ከሆነ ልኩን ቀይሩ።

የምጽፈው ለአዲስ አበባና እሷን ለሚመስሉ ደጋማ ከተሞች ነው። ቆላ ላይ ከሆናችሁ ቆርቆሮ ብቻውን ምድጃ ስለሚሆን ስለ አየር ማስገቢያው በደንብ አስቡበት።

ፈቃድና ቦታ

ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። የግል ይዞታ ከሆነ የወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ቤቱን የሚያስተዳድረውን ክፍል ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፣ ስትወጡ ቤቱ የማን እንደሚሆንም ጨምራችሁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አፍርስ ከመባል የአንድ ጠዋት ወረፋ ይሻላል።

ቦታ ስትመርጡ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚተኛበትን ጥግ ተዉት። የጣሪያው ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ አስቡ፤ በሰፈር ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ፣ ከመብራት ገመድ ሥር፣ የውሃ ቱቦ የተቀበረበት ላይ አትሥሩ። ከአጥርም ትንሽ ራቁ፤ ቢያንስ ሰው ገብቶ ግድግዳውን የሚጠግንበት ክፍተት ይኑር።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ጭቃ ይደርቃል፣ ሠራተኛም ይገኛል። ግንቦት ላይ ክረምት ሳይመጣ ጣሪያዬን ልጠግን የሚለው ሰው ስለሚበዛ አሮጌ ቆርቆሮ ሳይቀር ይወደዳል።

ዕቃው ከየት ይመጣል

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሁሉም ያውቀዋል። አሮጌ ብረት፣ በርሜል፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ምስማር፣ የተቆረጠ ላሜራ፣ የማይገኝ ነገር የለም። ግን ለሁሉም ነገር እዚያ አትሂዱ። ሲመለሱ የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ከምናለሽ ተራ በእጅና በታክሲ የሚመጣውን ትንንሽ ዕቃ ግዙ፤ ከባዱን ከሰፈር ፈልጉ።

ከሰፈር እንዴት ይገኛል? አንደኛው መንገድ ቆራሌው ነው። በየቀኑ በራችሁ ላይ እየጮኸ ያልፋል፣ የትኛው ቤት እየፈረሰ እንደሆነ፣ ማን አሮጌ በር እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል። ጥሩትና የምትፈልጉትን ንገሩት፦ ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ አንድ የብረት በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። በኪሎ ለብረት ነጋዴ ከሚሸጠው ትንሽ ጨምራችሁ ከሰጣችሁት ለእናንተ ያስቀምጥላችኋል።

ሁለተኛው የሚፈርስ ቤት ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈርሷል፤ ከዚያ ውጭም ቤቱን አፍርሶ ፎቅ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ባለቤቱን ወይም ማፍረሱን በኮንትራት የያዘውን ሰው አናግሩ። ሳይጠይቁ መውሰድ ሌብነት ነው፣ ክምሩ ቆሻሻ ቢመስልም። የድሮ የአዲስ አበባ ቤት ሲፈርስ ዓይናችሁን ቋሚው ላይ ጣሉ። ጽድ ከሆነ እንዳያመልጣችሁ! ጽድ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፣ መሬት ውስጥም ከባህር ዛፍ እጅግ የተሻለ ዕድሜ አለው። ከላይ ጥቁርና አስቀያሚ ቢሆንም በቢላዋ ፋቅ አድርጋችሁ አሽትቱት፤ ጽድ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ሦስተኛው የሚሠራ ሕንፃ ነው። መወጣጫ ሆኖ ያገለገለ አጣና፣ ኮንክሪት የተሞላበት ጣውላ፣ ቁርጥራጭ ፌሮ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ስባሪ ብሎኬት፣ ባዶ የቀለም ባልዲ፣ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ይሸጣል ወይም ይጣላል። ፎርማኑን ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውን ጠይቁ እንጂ ከዘበኛው ጋር በጎን አትስማሙ። ያገለገለ አጣና ላይ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው፦ ደርቆ ጨርሷል። ትኩስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከተመታ በኋላ ይሸሻል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩን ያላላል። አሮጌው መጣመሙን ድሮ ስለጨረሰ ዛሬ ቀጥ ብሎ ካያችሁት ነገም እንደዚያው ነው።

ፓሌት ካገኛችሁም ውሰዱ። ለወለልና ለመደርደሪያ የሚያህለው የለም። ማኅተሙን ግን አንብቡ። በላቲን ፊደል ኤች ቲ የሚል በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለበትም። ኤም ቢ የሚል በሚቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዉት። ኬሚካል የፈሰሰበት፣ ዘይት የጠጣ ፓሌትም ለዶሮ ቤት አይሆንም።

የማትገዙትን ደግሞ ልንገራችሁ። የመብራት ማማ ብረት፣ የባቡር ሐዲድ ብሎን፣ የመንገድ ጉድጓድ ክዳን፣ የመንገድ አጥር ቧንቧ፣ በርካሽ ቢቀርብላችሁም እጃችሁን አታስገቡ፤ የተሰረቀ ነው፣ ገዢውም አብሮ ይጠየቃል። ሌላው ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገድ ያለው የድሮ ክዳን ነው። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። በነፃ ቢሰጧችሁም አይሆንም በሉ።

ቆርቆሮ እንዴት ይመረጣል

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ የቤቱ ነፍስ እዚህ ነው።

ከተቻለ ሁሉንም ከአንድ ጣሪያ የወረደ ግዙ። ምክንያቱም ከአንድ ጣሪያ የወረዱ ቆርቆሮዎች የሞገዳቸው ስፋት አንድ ነው፣ ሲደራረቡ ይገጥማሉ፣ የድሮ የምስማር ቀዳዳዎቻቸውም በተቀራራቢ ርቀት ላይ ናቸው። የኋለኛው ምን ያህል እንደሚጠቅም ጣሪያው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

እያንዳንዱን አንሡና ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ ያፈሳል። የምስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም። እንደ ወንፊት በደቃቁ የተበሳሳ ከሆነ ዝገት በልቶታል፤ ለግድግዳ እንጂ ለጣሪያ አይሆንም። ከዚያ ዝገት ያለበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከሰረገደ ወይም ከተቀረፈ ተዉት። ጠርዙ ላይ ብቻ የዛገው ተቆርጦ ያገለግላል። ውፍረቱንም አስተውሉ፦ ጌጁ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይበልጣል። ከድሮ ቤት የወረደ 28 ጌጅ ዝገት ቢጀምረውም ከአዲስ ስስ ቆርቆሮ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሜትር ሳትይዙ አትሂዱ። የተለመደው ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሻጩ 2 ሜትር ነው ቢላችሁም ጫፉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላልና ለኩት። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ማጓጓዣውን ጠይቁ፣ ጫኝና አውራጅ ምን ያህል እንደሚያስከፍልም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዕቃው ሰፈር ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ድርድር ማንንም አይጠቅምም።

በርና መስኮቱን አሁኑኑ ግዙ፣ ግድግዳ ከመቆሙ በፊት። ከነመቃኑ የተነቀለ በር ካገኛችሁ ግማሽ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የድሮ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፣ እንጨቱንም እንጀራ መጋገሪያ ሥር አትማግዱት። ውሃ እያስነካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በላዩ አዲስ ቀቡት።

ዕቃው ሲገባ ምስማሩን ሁሉ ንቀሉ። ጓንት፣ ወፍራም ጫማ፣ ጉጠት ያስፈልጋል። የዛገ ምስማር የወጋው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይውሰድ፤ በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ አይታለፍም። የተነቀለው ምስማር በድንጋይ ላይ ተቀጥቅጦ ይቃናል፣ ለግድግዳ ማገር ያገለግላል። ለጣሪያ ግን አይሆንም።

ልኩን ማውጣት

አምስት ጥሩ ቆርቆሮ አገኛችሁ እንበል፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ። ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል ሲደራረብ እያንዳንዱ 70 ሴንቲ ያህል ይሸፍናል፣ የመጨረሻው ሙሉውን። ስለዚህ ጣሪያው 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። በግራና በቀኝ 20፣ 20 ሴንቲ ከግድግዳው እንዲወጣ ስትተዉለት ለቤቱ ከውጭ ወደ ውጭ 3 ሜትር ከ20 ይቀራል፤ 10 ሴንቲ ያህል የቋሚው ውፍረት ሲቀነስ፣ ከጫፍ ቋሚ መሐል እስከ ጫፍ ቋሚ መሐል፣ 3 ሜትር ከ10 ነው።

ስፋቱ 1 ሜትር ከ60። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘቀዝቅ ይሁን፤ ሁለት ወገን ያለው ጣሪያ ሲገጣጠም ልምድ ይጠይቃል፣ መሐሉ ላይ ክዳን ያስፈልገዋል፣ ለጓሮ ቤት አላስፈላጊ ድካም ነው። ፊት ለፊቱ 2 ሜትር ከ20፣ ጀርባው 1 ሜትር ከ80 ይቁም። የ40 ሴንቲ ዝቅታ ለአሮጌ ቆርቆሮ ጥሩ ነው፤ ውሃው ሳይቆይ ይወርዳል። በዚህ ዝቅታ ከፊት ቋሚ እስከ ኋላ ቋሚ በጣሪያው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ከ65 ስለሚመጣ፣ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ሳይቀጠል ይሸፍነዋል፤ የሚተርፈውን 35 ሴንቲ ለጀርባው 25፣ ለፊቱ 10 አካፍሉት። አሮጌ ቆርቆሮ በርዝመቱ ባይቀጠል የሚያፈስበት ዋናው ቦታ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ነው።

መሠረትና ቋሚ

አራት ችካልና ሲባጎ ይበቃል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ለኩ። እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ሰያፍ 3 ሜትር ከ49 ሴንቲ ላይ ይመጣል። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ችካሉን ገፋ አድርጉ። እዚህ ላይ የተዛባ ቤት ቆርቆሮው ሲመታ ይጋለጣል፣ ያኔ ደግሞ ማስተካከያ የለውም።

ስድስት ቋሚ ነው፣ ሦስት ከፊት ሦስት ከኋላ። ቋሚው ጽድ ከሆነ 60 ሴንቲ ቆፍራችሁ ከሥሩ 10 ሴንቲ ያህል ድንጋይ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ዙሪያውን በድንጋይና በገረገንቲ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ሲቆረጥ ለሚቀበረው 50 ሴንቲ መጨመራችሁን አትርሱ።

ባህር ዛፍ ከሆነ ግን መሬት ባይነካ ይሻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ መቅበር የተለመደ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ግን አፈሩን ይበክላል፣ ለዶሮና ለጓሮ አትክልትም ጥሩ አይደለም። እኔ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቶ መገላገልን እመርጣለሁ። 25 በ25 የሆነ፣ 40 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ቀላቅላችሁ ከጣላችሁት ድንጋይ ጋር ሙሉት። ከመሬት በላይ 10 ሴንቲ እንዲወጣ ወገቡ የተቆረጠ የቀለም ባልዲ እንደ ቅርጽ ተጠቀሙ። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ሁለት ቁርጥራጭ ፌሮ ከግራና ከቀኝ አቁሙበት፣ ከላይ 30 ሴንቲ እንዲወጡ፤ ቋሚው በመሐላቸው ይቆምና በጥቁር ሽቦና በምስማር ይታሰራል። ድንጋይ በደንብ ከተጨመረበት የ50 ኪሎው ከረጢት ለስድስቱም ይበቃል። ከተሞላ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት፣ ብርቱ ፀሐይ ካለ በጆንያ ሸፍኑት።

ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ያላችሁ ጥቁሩን አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ጥቁሩን አውጡና ሥሩን በገረገንቲ ጠቅጥቁ።

ቋሚው በቱንቢ ቀጥ መባሉ ይታይ። ቱንቢ ከሌለ ክር ላይ የታሰረ ብሎን ያው ነው። ከዚያ በየማዕዘኑ ከቋሚው እግር ወደ ቀጣዩ ቋሚ ወገብ ሰያፍ እንጨት ምቱ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሰያፍ የሌለው ቤት በንፋስ ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ ምስማሩ ይላላል፣ ምስማሩ ሲላላ ጣሪያው ያፈሳል።

የደረቀ ባህር ዛፍ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። የምስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ መታ አድርጋችሁ አደንዙት፤ ዱልዱሙ ጫፍ እንጨቱን እየቆረጠ ስለሚገባ አይሰነጥቅም። ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ በድሪል በሱት።

ጣሪያ

ሦስት ወራጅ ከፊት ቋሚ ወደ ኋላ ቋሚ ይጋደማል። በወራጆቹ ላይ ቆርቆሮው የሚመታበት ሦስት የጣሪያ ማገር በርዝመቱ ይሄዳል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ከታች። አሁን ያንን የቀዳዳ ነገር አስታውሱ። ማገሮቹን ከመምታታችሁ በፊት አንዱን ቆርቆሮ ወራጅ ላይ አስተኙና የድሮዎቹ ቀዳዳዎች የት ላይ እንደሚያርፉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ማገሩን እዚያው ላይ ምቱት። አዲሱ ምስማር በአሮጌው ቀዳዳ ይገባል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ግማሹን የማፍሰስ ችግር በዚህ ትገላገላላችሁ።

ጣሪያው ከቋሚው ጋር በምስማር ብቻ አይያዝ። እያንዳንዱን ወራጅ ከቋሚው ጋር በድርብ ጥቁር ሽቦ ጠምዝዛችሁ እሰሩት፣ ማገሩንም ከወራጁ ጋር እንዲሁ። የየካቲትና የመጋቢት ንፋስ ቆርቆሮን ከሥር ነው የሚያነሣው። ጎማና ድንጋይ ጣሪያ ላይ መደርደር መፍትሔ አይደለም፤ ድንጋዩ የወደቀ ቀን የሰው ራስ ላይ ነው።

አዲስ የምትገዙት እዚህ ላይ ነው፦ ላስቲክ ያለው የቆርቆሮ ምስማር። ዋጋው ከቤቱ አንፃር ትንሽ ነው፣ አትቆጥቡ። ሲመታ ሁልጊዜ በሞገዱ ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ላስቲኩ ቆርቆሮውን ጥብቅ አድርጎ ሲነካ አቁሙ፤ ጉብታው እስኪጎደጉድ ከመታችሁት ራሳችሁ የውሃ ማጠራቀሚያ ሠራችሁ። ጫፍና ጫፍ ባሉት ማገሮች ላይ በየሁለት ጉብታው፣ መሐል ላይ በየሦስት ጉብታው ይበቃል። ድርድሩን ዝናብ ይዞ ከሚመጣው ንፋስ ተቃራኒ ካለው ጫፍ ጀምሩ፣ መደራረቢያው ለንፋሱ አፉን እንዳይከፍት።

ለቀሩት ቀዳዳዎች ሁለት ዘዴ አለ። ትንሹን ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ በሞቀ ሬንጅ ድፈኑት፣ ከላዩ ትንሽ ጨርቅ ለጥፋችሁ እንደገና ሬንጅ ቀቡት። ሰፋ ላለው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ክብ ቁረጡና ከላይና ከታች አድርጋችሁ በብሎን አጥብቁ። የዛገውን ክፍል አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ከቀባችሁት ዕድሜው ይረዝማል። ሬንጅ ስታሞቁ ከቤት ራቅ በሉ፣ ልጆችንም አርቁ።

ግድግዳ

የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ የታችኛውን 40 ሴንቲ በድንጋይ ወይም በስባሪ ብሎኬት ገንቡት። ክረምት ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ የሚመታው እዚያ ነው፣ ቆርቆሮም ሆነ ጭቃ ከዚያ ነው መበስበስ የሚጀምረው። ስባሪ ብሎኬት በነፃ የሚሰጥ አይጠፋም፤ የተሰበረው ጎን ወደ ውስጥ ይዙር።

ከዚያ በላይ ለዕቃ ቤት ቀላሉ ለጣሪያ አልሆን ያለው ቆርቆሮ ነው። በየ70 ሴንቲው አግድም ማገር ይመታና ቆርቆሮው ይለበጣል። በአንድ ቀን ያልቃል። ጉዳቱ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ከውስጥ ያልበዋል። ለማገዶና ለብስክሌት ችግር የለውም። እህል፣ መጽሐፍ፣ ልብስ የምታስቀምጡ ከሆነ ወይም ዶሮ ካሰባችሁ ጭቃ ይሻላል።

ለጭቃ ግድግዳ በቋሚዎቹ መሐል ቀጫጭን እንጨት አጠጋግታችሁ አቁሙ፣ ከውስጥና ከውጭ በየ30 ሴንቲው ማገር ምቱ። አፈሩ ቀይ ይሁን። ትንሽ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መሐል እንደ ጣት ጠቅልሉት፤ ወዲያው ከተፈረካከሰ አሸዋው በዝቷል፣ ከጣት ላይ አልላቀቅ ካለ ሸክላው በዝቷልና ትንሽ አሸዋ ጨምሩበት። ከጤፍ ጭድ ጋር ይቡካ። በተቦካበት ቀን አትምረጉ። ቢያንስ ሳምንት ያህል ውሃ እየጨመራችሁ፣ በየቀኑ እየረገጣችሁ አቆዩት፤ ጭዱ ለስልሶ ከጭቃው ጋር ሲዋሃድ ሽታው ይለወጣል፣ ያኔ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። ሦስተኛው ቀጭን ልስን ነው፣ በደቃቅ ጭድና በእበት የተቦካ። እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀጣዩን አትጨምሩ፤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አየሩ ነው የሚወስነው።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ ምርጊቱን በኮንትራት፣ ጣሪያውን በቀን ክፍያ ብታደርጉት ይሻላል። ጣሪያ በኮንትራት የያዘ ሰው ቶሎ መጨረስ ነው የሚፈልገው፣ የድሮ ቀዳዳ እየፈለገ አይመታላችሁም። አጠገቡም ቁሙ።

በር፣ ወለል፣ ውሃ

መቃኑ በሁለት ቋሚ መሐል ይቁም፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቋሚውን አታንቀሳቅሱ፣ አንድ ተጨማሪ እንጨት አቁሙ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ውስጡ ጠባብ ነው። ከላይ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት የወንፊት ሽቦ ምቱበትና አየር ይግባ፤ መድፈን አያስፈልግም።

ወለሉ ከውጭው መሬት 15 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል። ድንጋይ፣ ከላዩ ገረገንቲ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁት። ፓሌቱን ከላዩ አስተኙ። ከረጢትና ካርቶን በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጥ።

መብራት ከዋናው ቤት ራሳችሁ ገመድ ስባችሁ አታስገቡ። ሁሉ ነገሩ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ የተላጠ ገመድ ቤቱን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ትንሽ የሶላር አምፖል ይበቃል።

አሸንዳው ከአሮጌ የፒቪሲ ቱቦ ይወጣል። በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቁት፣ በፌሮ ቁርጥራጭ ማንጠልጠያ ሥሩለት፣ ወደ በርሜሉ ጥቂት ያዘቅዝቅ። ይህ ጣሪያ ትንሽ ቢመስልም 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 70 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ለትርፉ ከበርሜሉ አፍ ጀምሮ ወደ ቦይ የሚወስድ ቱቦ አድርጉለት። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ፤ የምግብ ዘይት ከሆነ ጥሩ፣ ኬሚካል ከሆነ ታጥቦም አይጸዳም። ውሃው ለልብስና ለአትክልት ነው፣ ለመጠጥ አይደለም።

ዶሮም ካለ

ከ3 ሜትር ከ10ሩ ላይ 1 ሜትሩን በወንፊት ሽቦ ከፍላችሁ ለዶሮ ስጡ። 1.6 ካሬ ስለሚሆን ስድስት ሰባት ዶሮ በደንብ ይይዛል። አሥራ አምስት አታጉሩበት፤ ይነካከሳሉ፣ ሽታውም ጎረቤት ይደርሳል። ቆጡ ለእያንዳንዷ 20 ሴንቲ ያህል ይድረሳት፤ ክብ አጣና ይሁን፣ ቆርቆሮና ብረት እግራቸውን ያቀዘቅዛል። ለእንቁላል 30 በ30 የሆነ ሣጥን ለአራት ዶሮ አንድ፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ። ከቆጡ ከፍ ካለ እዚያው ያድሩበትና ይኩሱበታል።

ወለላቸው ላይ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥታችሁ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ። በነፃ ወይም በከረጢት ትንሽ ብር ይገኛል። ዘይት የነካው ወይም ቀለም ያለበት እንዳይሆን እዩት። ሲረጥብ አገላብጡት፣ ሲጠቁር አውጡና ለጓሮ ጎመኑ ማዳበሪያ አድርጉት፣ ግን በትኩሱ ሳይሆን ከርሞ ከበሰበሰ በኋላ።

የዶሮ ጠላት አዲስ አበባም ውስጥ አለ፣ ሸለምጥማጥ። ቁመቱ ዝቅ፣ ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ በጠባብ ክፍተት ይሾልካል። የወንፊት ሽቦው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፣ ታችኛው ጫፉ 30 ሴንቲ መሬት ውስጥ ይቀበር ወይም በድንጋዩ ግንብ ውስጥ ይያዝ። ከጣሪያው ሥር ያለውንም ክፍተት አትርሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። መቀርቀሪያው በር ላይ ከላይም ከታችም ይኑር፤ በአንድ መቀርቀሪያ ብቻ የተያዘ ቀላል በር ታችኛው ጥጉ ሲገፋ ይከፈታል።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ገብታችሁ ቁሙ። የሚያፈስበትን በከሰል ምልክት አድርጉ፣ ሲደርቅ ሬንጁን አሙቁ።